ጡሩምባው ሳይነፋ

በሰፈራችን የዕድር ጡሩምባ የሚነፋው ጎህ ሳይቀድ ነው። መጀመሪያ ውሾች ይጮኻሉ። ቀጥሎ ያ ረጅምና ሻካራ ድምፅ ከታችኛው መንገድ ይመጣል፤ ከዚያ የነፊው ጥሪ ይከተላል፦ የማን ቤት እንደሆነ፣ ሟቹ ማን እንደሆነ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ። ሁላችንም ከአልጋችን ሳንወርድ ትንፋሻችንን ውጠን እናዳምጣለን። ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ማክሰኞ ጠዋት የተጠራው ስም የ23 ዓመት ወጣት ስም ነበር። ግንበኛ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሦስተኛ ፎቅ ርብራብ ላይ ወድቆ ነው።

3 ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ድስቱ ተጥዶ ነበር። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። ለቅሶ ቤት የሚባለውም ሁሉ ተባለ። «ቀኑ ደርሶ ነው።» «የተጻፈለት ይኸው ነው።» «የእንጀራ ነገር፣ ምን ይደረግ!» ከአጠገቤ የተቀመጠው፣ አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ ግን ከእነዚህ አንዱንም አላለም። ጉልበቱን አቅፎ ብዙ ቆየና፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ ሳይለይ፣ «ጣውላው መሰንጠቁን ዓርብ አይቼ ነበር» አለ።

ዓርብ አየው። ቅዳሜ ረግጦት አለፈ። ሰኞ ጓደኛው ወደቀ።

ይህን የምጽፈው ያንን ልጅ ልከስስ አይደለም። ልክሰስ ብል ክሱ ከራሴ ይጀምራል። የዚያ ሕንፃ ርብራብ በመንገዴ ላይ ነበር፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ሲወዛወዝ ሁለት ወር ሙሉ አይቼዋለሁ። ያደረግሁት ነገር ቢኖር መንገድ ተሻግሬ በወዲያኛው ጠርዝ ማለፍ ነው። የራሴን ጭንቅላት አዳንኩ። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ የሚሰለፉት ሴቶችም አይተውታል። የታክሲ ተራ አስከባሪውም አይቶታል። ፎርማኑም አይቶታል። አንድ ሰፈር ሙሉ አየ፤ አንድ ሰፈር ሙሉ ዝም አለ፤ አንድ ሰፈር ሙሉ ለቀብር ወጣ።

ከሞት በኋላ በመድረስ እኛን የሚስተካከል የለም። ድንኳን ይዘን እንደርሳለን። እንጀራ ይዘን እንደርሳለን። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ጋቢ ደርበን እንደርሳለን። ዐርባውን አንረሳም፣ ሙት ዓመቱን አንረሳም፤ ከቀብር የቀረ አባል በመተዳደሪያ ደንባችን ይቀጣል። ይህ በገንዘብ የማይገዛ ሀብት ነው፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን በየወሩ ሳንቲም እያዋጡ ያቆዩልን። ይሁንና ያንን ደንብ ከዳር እስከ ዳር ብናነበው፣ የተሰነጠቀ ጣውላ አይቶ ዝም ያለ ሰው የሚጠየቅበት አንቀጽ አናገኝበትም። እንግዲህ ጥሪዬ ይህ ነው፤ ያ ፍጥነት፣ ያ መተሳሰብ፣ ያ ሳይታዘዙ ድርሻን ማወቅ ከቀብር ቦታ ወደ ሥራ ቦታ ይምጣ። በየሳይቱ፣ በየፋብሪካው፣ በየወፍጮ ቤቱ ከሞት በፊት የሚደርስ ዕድር ይኑረን። ጡሩምባው ሳይነፋ እንድረስ።

«ቀኑ ደርሶ ነው» ላዘነ ሰው ማጽናኛ ነው፤ እዚያው ለቅሶ ቤት ይቆይ። ሥራ ቦታ ሲመጣ ግን ማጽናኛነቱ ቀርቶ መሸፈኛ ይሆናል። እምነታችንም ቢሆን እንዲህ አላስተማረንም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ግመሉን ፈትቶ በአላህ ልመካ ወይ ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ ሙሐመድ አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ መክረውታል። ቄሱም ሼኩም ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ በዐውደ ምሕረትና በመስጊድ አንድ ጊዜ ቢያነሱልን ከመቶ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይበልጣል።

ያ ጣውላ እንዴት ተሰነጠቀ? የከተማችን ርብራብ በብዛት ከባሕር ዛፍ አጠና የሚሠራ ነው። አጠናው እርጥብ ሆኖ ይቆረጣል፤ በፀሐይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩ ይላላል። ክረምት ሲገባ መሬት የነካው ጫፉ ይበሰብሳል። ከአንዱ ሕንፃ ተነቅሎ ለሌላው፣ ከሌላውም ተነቅሎ ለሦስተኛው ይውላል፤ በየጊዜው የሚመታበት ምስማር ወንፊት ያደርገዋል። መርገጫው ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን ከሆነ ትልቅ ነገር ነው፤ ወገብ ላይ የሚይዝ መከታማ ስንቱ አለው! ከግድግዳው ጋር በቅጡ ሳይታሰር ብሎኬት ይቆለልበታል፣ ባሬላ ይመላለስበታል፣ አራት ሰው ባንዴ ይቆምበታል። ከዚያ ሲሰበር «ቀኑ ደረሰ» እንላለን። የአጠናው ቀን ከደረሰ ቆይቷል፤ የልጁ ቀን ግን አልደረሰም ነበር።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ከተማ፣ በግንባታ ላይ በነበረ ቤተ ክርስቲያን የቆመ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ለማርያም ክብረ በዓል ከመጡት ምእመናን ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አገር ሁሉ አለቀሰ። ለነፍሳቸው ጸለይን። ጸሎቱ ተገቢ ነው። ከጸሎቱ ጎን ለጎን ግን በየደብሩና በየመንደሩ እንደዚያው የቆሙ ርብራቦች ስንቶቹ በዚያው ሳምንት ተፈተሹ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኛ ሌላው ጅብ አጥር ሥር ቆሞ እያለ እንኳ ለመጮህ የዘገየን ይመስለኛል።

ዝም የምንለው ክፉ ሆነን አይደለም። አንዱ ዝምታ ከፌዝ ይመጣል። ሳይት ላይ ቀበቶ የታጠቀ ልጅ «ምነው፣ ሳታገባ መሞት ፈራህ እንዴ?» ይባላል። ሄልሜት ያደረገ «ኢንጂነር መጣ!» ተብሎ ይሳቅበታል። በሸበጥ አጠና ላይ የሚሮጠው ደግሞ ጎበዝ ይባላል። ጎበዝ ማን እንደሆነ የምንወስነው እኛው ነን፤ ዛሬ ጠዋት በሳቃችን ወስነነዋል፣ ነገ ጠዋት በሳቃችን ልንለውጠው እንችላለን። ጎበዝ ማለት ጓደኛውን ወደ ቤቱ የሚመልስ ነው እንበል። ይህን የሚለው ደግሞ ዕድሜም ሙያም ያለው ግንበኛ ቢሆን ይመረጣል፤ ከአዲስ ገቢ አፍ ከወጣማ ያው ፌዙ ይቀጥላል።

ሌላው ዝምታ የእንጀራ ዝምታ ነው። ባሬላ የምትሸከመውን ሴት አስቧት። በቀን ስንት ጊዜ ያንን መወጣጫ ትወጣዋለች፣ ትወርደዋለች! የትኛው ጣውላ እንደሚለምጥ፣ የትኛው ምስማር እንደወጣ፣ የትኛው እርከን ሲረጥብ እንደሚያንሸራትት ከመሐንዲሱ አስቀድሞ እግሯ ያውቃል። ግን ማንም አይጠይቃትም። ብትናገር «ነገ አትምጪ» ልትባል ትችላለች፤ እሷ ደግሞ ነገ መምጣት አለባት፣ ልጆቿ ነገም ይበላሉ። እንግዲህ የሳይቱን አደጋ አብልጦ የሚያውቀው ሰው የመናገር አቅሙ ከሁሉ ያነሰው ሰው ሆኖ ተገኘ። ይህን መገልበጥ የፎርማኑ፣ የመሐንዲሱ፣ የሁላችንም ግዴታ ነው። ጠዋት ሥራ ሲጀመር የመጀመሪያው ጥያቄ ለእሷ ይቅረብ፦ «እህቴ፣ ትናንት የትኛው ቦታ አስፈራሽ?»

ሕጉም ከእሷ ጋር ነው፤ ይህን ማወቅ ይጠቅመናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ጤናማና ከአደጋ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት አድርጎ ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ፣ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ የሠራተኛውን ድርሻ ይናገራል፦ የተበላሸ መሣሪያን፣ አደጋ ሊያስከትል የሚችልን ነገር ሳይዘገይ ማሳወቅ። ልብ በሉ፣ ዓርብ ዕለት የታየውን ጣውላ መናገር ደግነት ወይም ድፍረት ብቻ አይደለም፤ በሕግ የተጻፈ የሥራ ድርሻ ነው። አስጊ አደጋ መኖሩ ተነግሮት አሠሪው ካላስተካከለ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ እንደሚችልም አዋጁ ይፈቅዳል። ቅሬታ ማቅረብም ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆንም። በእርግጥ ወረቀት ብቻውን ማንንም ከፎቅ ላይ አይዝም። ወረቀቱን የሚያነብለት፣ አጠገቡ የሚቆምለት ሰው ሲኖር ግን ይይዛል።

ከእኛ የራቀ ቢመስልም፣ ዝምታና ትእዛዝ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የባንግላዴሽ ልብስ ሰፊዎች በነፍሳቸው አሳይተውናል። ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የሚባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ግድግዳው ተሰንጥቆ ታየ፤ ሰው ሁሉ እንዲወጣ ተደረገ። በማግሥቱ ታች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ከሕንፃው አራቀ። ላይ የነበሩት የልብስ ፋብሪካዎች ግን ሠራተኞቻቸውን ጠሩ፤ ደመወዝ እንዳይቀርባቸው የፈሩት እየፈሩ ገቡ። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ሕንፃው ፈረሰ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። አንድ ስንጥቅ ነው፤ ያዩትም ሁሉም ናቸው። ልዩነቱ ያለው «አንገባም» ማለት በቻለና ባልቻለ መካከል ነው። የእኛም ልጆች ዛሬ በሐዋሳና በሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮች በመስፊያ መኪና ፊት ተቀምጠዋል፤ የአደጋ ጊዜ መውጫው በር በካርቶን አለመዘጋቱን፣ ከውጭ አለመቆለፉን ማየት ለእኛም ቀርቶልናል።

አንዲት ቃል አለችን። ለታናሽ ወንድም «ቆይ»፣ ለእህት «ቆዪ»፣ ለፎርማኑ «ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩ»፤ ቋንቋችን ክብር ሳይነካ ሥራ የሚያስቆም ቃል ለሁሉም ሰጥቶናል። መኪና ሊገጨው የተቃረበ የማናውቀውን ሰው እንኳ እጁን ይዘን እንጎትተዋለን፤ ማን ነህ አንልም፣ ምን አገባኝ አንልም። ይኸው እጅ ርብራብ ላይም ይዘርጋ። 12 ሜትር ፌሮ ወደ ላይ ሲጎተት 15 ሺህ ቮልት የተሸከመው መስመር አጠገብ መሆኑን ያየ «ቆይ» ይበል፤ ኤሌክትሪክ ለመግደል የግድ እስኪነኩት አይጠብቅም፣ ከተጠጉትም ይዘላል። የግራይንደሩን ሽፋን «ያስቸግረኛል» ብሎ የፈታውን ያየ «ቆይ» ይበል። ወፍጮ ቤት የአንዲት ሴት ነጠላ ወደሚሽከረከረው ቺንጋ ሲጠጋ ያየ «ቆዪ» ይበል። የተባለውም ሰው «አመሰግናለሁ» ይበል፤ አመስጋኝ ከሌለ ተናጋሪ አይኖርምና።

ከሁሉ ይልቅ «ቆይ» የሚያስፈልግበት፣ ከሁሉም ይልቅ የማይባልበት ቦታ ጉድጓድ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰዎቻችንን የሚገድለው ደግነታቸው ስለሆነ። የውኃ ጉድጓድ ሊቆፍር ወይም የመፀዳጃ ጉድጓድ ሊያጸዳ አንዱ ይወርዳል። ድምፁ ይጠፋል። ወንድሙ «ምን ሆንክ?» እያለ ይወርዳል። እሱም ዝም ይላል። ጎረቤት የሰማ ይመጣና ገመድ ሳይታሰር ይወርዳል። ከአንድ ጉድጓድ ሁለት፣ ሦስት አስከሬን የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከታች ያለው አየር የሚመስለን አየር አይደለም። የመፀዳጃ ጉድጓድ ጋዝ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን ማሽተቻችንን ራሱን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስለናል፤ ሽታው ጠፋ ብለን ደስ ሲለን እኛ እየጠፋን ነው። ውኃ ለመሳብ ቤንዚን የሚበላ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ያስነሣ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለውን ጋዝ ለራሱ ይጠምቃል። ብዙዎቻችን የምናምንበት የሻማ ፈተናም አያድነንም፤ ሻማው እየበራ ሰው የሚገድሉ ጋዞች አሉ፣ በእሳት የሚፈነዱም አሉ።

ስለዚህ እንማማል። ማንም ሰው ብቻውን ጉድጓድ አይወርድም። አየሩ በመሣሪያ ሳይለካና ንጹሕ አየር ሳይነፋበት ማንም አይወርድም። የሚወርድ ሰው ከላይ በሚጎትቱት ሰዎች እጅ ያለ ገመድ በደረቱ ላይ ይታሰራል። ታች ያለው ዝም ካለ፣ ወንድማችንም ቢሆን፣ ልጃችንም ቢሆን፣ ተከትለነው አንወርድም፤ ከላይ በገመዱ እንጎትተዋለን፣ አዲስ አበባ ከሆንን 939 ደውለን የእሳትና አደጋ ሠራተኞችን እንጠራለን። ይህ ጭካኔ ይመስላል። እናት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ እየጮኸች «አትውረድ» ብሎ ሰው መያዝ ከባድ ነው። ያንን ከባድ ነገር ለማድረግ ቀድመን ካልተስማማን፣ በዚያች ደቂቃ የሚያስማማን የለም።

የመሠረት ቁፋሮም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባ ጥቁር ዋልካ በበጋ ተሰንጥቆ አፉን ይከፍታል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ትናንት ጸንቶ ስለዋለ ዛሬም ይጸናል ማለት አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 15 ኩንታልና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ 30 ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ነው። ደረቱ ድረስ የተቀበረ ሰው አፉና አፍንጫው ነጻ ሆኖም መተንፈስ ያቅተዋል። ጎኑን አስደግፉ፣ አፋፉን አስፍታችሁ ቁረጡ፣ የተቆፈረውን አፈር ከአፋፉ አርቁ፣ ዝናብ ካደረ ሳታዩ አትግቡ።

ጥንቃቄ ሲባል ብዙዎቻችን ሄልሜት ይመጣብናል። ሄልሜት ጥሩ ነው፤ ግን የመጨረሻው መከላከያ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ግቢዋ ውስጥ ክፍት ጉድጓድ ያለባት እናት ምን ታደርጋለች? የማያስፈልጋት ከሆነ ትደፍነዋለች። የሚያስፈልጋት ከሆነ በጠንካራ ክዳን ትዘጋዋለች። መዝጋት ካልቻለች ታጥረዋለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ልጇን «ወደዚያ እንዳትሄድ» የምትለው። ምክሩን አስቀድማ ጉድጓዱን ክፍት የምትተው እናት የለችም። ሥራ ቦታችን ላይ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ይዘነዋል፤ ጉድጓዱን ክፍት ትተን «ተጠንቀቁ» የሚል ወረቀት እንለጥፋለን። መሬት ላይ ታስሮ ሊሰቀል የሚችል ፌሮ ለምን ፎቅ ላይ ይታሰራል? በመጎተቻ ሊወጣ የሚችል ሲሚንቶ ለምን በሰው ትከሻ ይወጣል? እነዚህ ጥያቄዎች ከሄልሜቱ ይቀድማሉ። ደግሞም እንነጋገር ከተባለ፣ ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ከመጋዘን ወጥቶ የሚታደል፣ ተቆጣጣሪው ሲሄድ ተቆጥሮ የሚመለስ ሄልሜት ስንቶቻችን አይተናል! እንዲህ ያለው ሄልሜት የሚጠብቀው የሠራተኛውን ጭንቅላት አይደለም።

አማርኛችን ሌላም ሀብት አለው፦ «ለጥቂት!» ብሎኬት ከላይ ወድቆ እግራችን አጠገብ ሲፈረከስ «ለጥቂት!» እንላለን። እንስቃለን፣ እናማትባለን ወይም አልሐምዱሊላህ እንላለን፣ ሥራችንን እንቀጥላለን። ያቺ «ለጥቂት» ግን በነፃ የተሰጠችን ማስጠንቀቂያ ነበረች። ዛሬ የሳተን ብሎኬት ነገ የሚወድቀው ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ምክንያት ነው። አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር በምስማር ሳይቱ በር ላይ ይሰቀል፤ የዕለቱ «ለጥቂት» ሁሉ ይጻፍበት፤ መጻፍ የማይችል ያጽፍበት፤ የማንም ስም ለቅጣት አይፈለግበት። ጠዋት ቱታ ከተለበሰ በኋላ፣ የመጀመሪያው አካፋ ሳይነሣ፣ 5 ደቂቃ ቆመን የትናንቱን እናንብብ። 5 ደቂቃ ለማንም አሠሪ ኪሳራ አይደለም። ቀብር ግን አንድ ቀን ሙሉ ይወስዳል።

ሥልጣን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ይበልጣል፤ ሠራተኛው ልማዱን እንዲለውጥ እየጠየቅን የሚያስቸኩለውን ነገር ብንተወው ግብዝነት ይሆናል። በቁርጥ የተሰጠ ሥራ ሠራተኛውን ከራሱ ጋር ያሽቀዳድመዋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ሕይወት ግን ፈስሶ አይለቀምም። ተቋራጩ የርብራቡን ዋጋ ሲያሰላ የደኅንነቱን አብሮ ያስላ፤ የሕንፃው ባለቤትም ዋጋ ሲያወዳድር ርካሹ ዋጋ ከምን ተቀንሶ እንደረከሰ ይጠይቅ። ፎርማን ሆይ፣ ሑዳዴ ወይም ረመዳን ሲሆን ከፍታ ላይ ያለውን ሥራ ለጠዋት አድርገው፤ የጾመ ሰው 9 ሰዓት ላይ እግሩ እንደ ጠዋቱ አይታዘዘውም። ቅዳሜ ክፍያ ሊሰጥ ሲል ያለችውን የመጨረሻ ሰዓትም ተጠንቀቅባት፤ ልብ ሁሉ ቀድሞ ወደ ቤት ሄዷል።

ለዓለም የሥራ ድርጅት ከፈረምን ቆይተናል፤ አገራችን የድርጅቱን የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም. ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ድርጅቱ ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል። ፊርማው አለ። አሁን የሚቀረው የእኛ ነው።

ሳይትም ፋብሪካም የለኝም የምትሉ፣ ቤታችሁን ተመልከቱ። ቤታችን ለአንዲት ልጅ የሥራ ቦታዋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን ቅጥር አይሸፍንም፤ ስለዚህ የወጥ ቤቱ ሕግ የእኛው ሕሊና ነው። በዝግ ክፍል ከሰል ተቀጣጥሎ አታድር። በረኪናን ከመፀዳጃ ማጠቢያ አሲድ ጋር ደባልቃ እንዳታጥብ እንንገራት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ለመስኮት ጽዳት ከአራተኛ ፎቅ ደፍ ላይ አትውጣ። ቤይሩትና ጅዳ ያሉ እህቶቻችን ይህ እንዲደረግላቸው እንመኛለን፤ እዚህ በእጃችን ላሉት እናድርግላቸው።

የእኛ ዕድር ወርኃዊ ስብሰባ በሚመጣው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በ4 ሰዓት ነው። ዳኛውን ጠይቄ ከመዋጮው በፊት ግማሽ ሰዓት ሰጥተውናል። ያ ጣውላውን ዓርብ ዕለት ያየው ልጅ ሊናገር ተስማምቷል፤ ለመስማማት ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። ደንባችን ላይ የምትጨመር አንዲት አንቀጽ ረቂቅም ተዘጋጅታለች፦ በሰፈራችን ባለ ማንኛውም የሥራ ቦታ አደጋ ያየ አባል ለዕድሩ ይናገራል፣ ዕድሩም ሽማግሌ ልኮ አሠሪውን ያነጋግራል። ለብቻው ሲናገር የሚባረር ሰው ይኖራል፤ 200 አባወራ ሲናገር ግን ማን ይባረራል? እናንተም በየሰፈራችሁ፣ በየማኅበራችሁ ይህንኑ አድርጉ። ስትመጡ ባዶ እጃችሁን አትምጡ፤ አይታችሁ ያልተናገራችሁትን አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ። እኔ የማመጣው በመንገዴ ላይ የቆመውን የአዲሱን ሕንፃ ርብራብ ነው፤ ትናንት ማታ ቆሜ አየሁት፣ ከግራ በኩል ሁለተኛው አጠና መሬቱን አልነካም።